ከክርን በላይ

ዶክተር ኸሊል ከሰኪና አስቀድሞ ያየው እጇን ነው። ፊቷን ልብ ያለው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር፤ ያንንም ቢሆን መስኮቱ በእሷ በኩል ስለነበረ እንጂ ዓይኑ ፍለጋ ወጥቶ አይደለም።

ዘመኑ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል አሥራ አንድ ሴቶች የሚሠሩበት የጓንት ክፍል ነበር። በዚያን ጊዜ የቀዶ ጥገና ጓንት አንዴ ተደርጎ አይጣልም። ይታጠባል፤ ውሃ ተሞልቶ ቀዳዳ እንዳለው ይፈተሻል፤ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ይነሰነስበትና በእንፋሎት ተቀቅሎ እንደገና ለሐኪሙ ይሰጣል። ከአሥራ አንዱ ሴቶች የስምንቱ እጅ ያሳክካል፣ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል።

ኸሊል ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ተምሮ፣ ስለ ቆዳ በሽታ ከጓደኞቹ ጥቂት ጠለቅ ብሎ አንብቦ፣ ወደ ተወለደበት ከተማ ተመድቦ መጣ። የሴቶቹን እጅ ሲያይ ጥናት አማረው። እጅን ለመከላከል የተሠራው ነገር ራሱ እጅን ይጎዳ እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። ለፈቃድ ወደ አስተዳዳሪው ወደ ጓድ አላምረው ገባ።

«ጓድ ዶክተር» አሉት ጓድ አላምረው፣ «ጓንቱ የወዳጅ አገር ዕርዳታ መሆኑን እንዳይዘነጉ።»

«አልዘነጋም።»

«የሚጠናው ጓንቱ ነው ወይስ ቆዳው?»

«ቆዳው ነው።»

«እሱ ይሻላል» ብለው ፈረሙ። ከደብዳቤው ግርጌ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» የሚል ተጽፎበታል። ለእጅ ማሳከክ ትንሽ የከበደ መሰለው፤ ግን ደብዳቤ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያልቀው።

ዘዴው ቀላል ነው። የሚጠረጠረው ነገር ጥቂት ተወስዶ በትንሽ ጨርቅ ቆዳ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። ሁለት ቀን ውሃ ሳይነካው ይቆያል። ሲነሣ ከሥሩ የቀላና ያበጠ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው። መጽሐፉ ጀርባ ላይ ይለጠፍ ይላል። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ግን ጎንደር መጥቶ አሥራ አንድ ሴቶችን «ጀርባችሁን ግለጡ» ብሎ አያውቅም። ኸሊል ክንድ ላይ ለመለጠፍ ወሰነ።

ሰኪና የመጨረሻዋ ነበረች። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የጣቶቿ ቆዳ ተልጦ ቀልቷል፤ የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ግማሹ ከሥጋው ተነሥቷል። ጥፍሮቿ ሁሉ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ በጥቁር ቀለም ተነክረዋል።

«ጥፍርሽን ምን ቀባሽው?»

«ሂና ነው።»

«ሂና ቀይ ነው እንጂ!»

«ይኼ ጥቁሩ ነው። ማጥቆሪያ ዱቄት አለው፤ ከሱዳን በመተማ በኩል የሚመጣ። ቁስሉን ይሸፍንልኛል።»

«ከየት ነው የምትገዢው?»

«አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ከእትዬ ራቢዓ ሱቅ።»

ኸሊል ፕላስተሩን ከሚፈልገው ሁለት እጥፍ አስረዝሞ ቀደደው። እትዬ ራቢዓ እናቱ ናቸው። ይህን ሊናገር አስቦ፣ መናገሩ ለምርመራው ምን ይጠቅማል ብሎ ተወው። «ነገ ጥቂት ይዘሽልኝ ነዪ» አላት። «ቀዩንም፣ ማጥቆሪያውንም።»

በማግሥቱ ይዛ መጣች። ለሌሎቹ አራት አራት ጨርቅ ነው የተለጠፈው፤ ጎማ፣ ዱቄት፣ ሳሙና፣ በውሃ የቀጠነ በረኪና። ለሰኪና ስድስት ሆነ። ኸሊል አንድ በአንድ ቁጥር እየጻፈ፣ እጅጌዋን ወደ ላይ አስጠቅልሎ ለጠፈው።

«የሌሎቹን ከክርን በታች ነው ያደረጉላቸው» አለች ሰኪና።

«ውዱእሽ እስከ ክርን ነው። ሶላት ሲደርስ ፕላስተሩ እንዳይረጥብብሽ ብዬ ነው።»

ሰኪና ፕላስተሩን አየች። ከአይከል ጎንደር ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ለውዱእዋ ያሰበላት አለቃ አልገጠማትም። እጅጌዋን አውርዳ ስትወጣ በሩን እንደ ወትሮው ሳይሆን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

በሦስተኛው ቀን ጨርቆቹ ተነሡ። ከአንድ እስከ አራት ያለው ቆዳ ንጹሕ ነበር። አምስተኛው ላይ የሂናው ቅላት አለ፤ ሲዳሰስ ግን ልስልስ ነው፣ ቀለም ብቻ። ስድስተኛው አብጧል፤ ትንንሽ ውሃም ቋጥሯል።

«አላከክሽውም?»

«አይታከክም ብለዋላ።»

«ሁለት ቀን ሙሉ?»

«ጓንት ሳጥብ እረሳዋለሁ» አለች።

ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ፊቷን ያየው። መስኮቱ በእሷ በኩል ነበር። ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው፤ ሰው ሲያያቸው አይሸሹም፣ ግን አይጋብዙም። ኸሊል ሊጽፍ ያነሣውን እስክሪብቶ ቁጥሩን ሳይጽፍ መልሶ አስቀመጠው።

«ጓንቱ አይደለም» አላት። «ማጥቆሪያው ነው።»

«ቁስሉን ልሸፍንበት ብዬ ነበር'ኮ የምቀባው!»

«የሚሸፍነውም የሚያመጣውም እሱ ነው።»

በሩ ላይ ተቀምጣ የቁስል መሸፈኛ ጎዝ የምታጣጥፈው እታገኘሁ ሳቀች። የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ናት፤ በጓንት ክፍል ከሁሉ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ሰኪናም ያለ እሷ ወንድ ሐኪም ዘንድ አትገባም። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ» አለች። «ያን ሁሉ ጊዜ ጓንቱን ስንረግም!»

ኸሊል የሱቁን ባለቤት ማንነት ያን ዕለትም አልተናገረም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእሱ ዝምታ ግን እንደ ማንኛውም እህል ሲቆይ ነቀዘ።

ማጥቆሪያው ቀረ። እጇ እያደር መለዘብ ጀመረ። አውራ ጣቷ ግን ጊዜ ይፈልግ ነበር፤ የተነሣው ጥፍር በየሳምንቱ በትንሽ መቀስ እየተቆረጠ፣ ሥሩ እየተጠረገ፣ ቅባት እየተደረገበት አዲሱ እስኪያድግ መጠበቅ አለበት። ይህን ማንም ድሬሰር ይሠራዋል። ኸሊል ግን ሐሙስ ሐሙስ ራሱ ሠራው።

በሩ ክፍት ነው። እታገኘሁ ደፉ ላይ ተቀምጣ ጎዝ ታጣጥፋለች። ኸሊል አጎንብሶ ይቆርጣል። አንዳንድ ሐሙስ ከመቀሱ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም፤ ሁለቱም ያ ዝምታ እንዳያልቅ ይፈልጉ ነበር፤ ሁለቱም ግን ይህን የሚፈልጉት ለየብቻቸው መስሏቸው ነበር። እታገኘሁ ግን በአንድ ሐሙስ ለሳምንት የሚበቃ ጎዝ ታጣጥፍ ጀመር።

ሰኪና ስለ አባቷ ታወራለታለች። አቶ ዐብዱረሕማን ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከአይከል ሲመጡ የመጀመሪያው የጭነት ቦታ የተሰጠው ለስፌት ማኪናው ነበር። «እኔ ከእቃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ማኪናው ጋቢና ገባ» አለችው።

«አንቺ እንዳትጎጂ አላሰቡም?»

«እኔን ከተሰበርኩ ይጠግኑኛል፤ የማኪናው መለዋወጫ ግን የለም።»

ኸሊል ሳቀ። መቀሱን ከጣቷ አርቆ ነበር የሳቀው፤ እንዳይወጋት። ይወዳት ነበር። ነገሩን በሌላ ስም ሊጠራው ሞክሮ የተሻለ ስም አላገኘለትም።

በሰባተኛው ሐሙስ የሚቆረጥ ጥፍር አልቀረም።

«ከእንግዲህ መምጣት አያስፈልግሽም» አላት።

«እሺ።» አልተነሣችም። እጇም ጠረጴዛው ላይ ነበረ። «ሌሎቹ ጥፍሮችስ?»

«ደህና ናቸው።»

«እስኪ ደህና አድርገው ይዩት።»

ከበሩ በኩል የእታገኘሁ ሳል ተሰማ፤ ጉንፋን ግን አልነበራትም። ኸሊል ዐሥሩንም ጥፍር አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ቀና ሳይል «ሽማግሌ ልልክ ነው» አለ።

«ለማን?»

«ለአባትሽ።»

«አባቴ ምን ጥፍር አለባቸው?» አለች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ፤ እጇን ሰብስባ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። «ይላኩ» አለች ቀስ ብላ።

እትዬ ራቢዓ አዲስ ዓለም ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሂና፣ ኩል፣ ሽቶና ሻሽ የሸጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጃቸውን ያስተማሩት በዚያ ሱቅ ነው። ያገሩ ሙሽራ ሁሉ በእሳቸው ሂና ተውባ ነው የምትዳረው፤ እሳቸውም ይህን ለማንም ከመናገር አይቦዝኑም። ኸሊል ነገሩን ያነሣባቸው አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው።

«የማን ልጅ ናት?» አሉት።

«የዐብዱረሕማን፣ የአይከሉ ልብስ ሰፊ።»

«ያቺ እጇ የተበላሸው?» የእትዬ ራቢዓ ፊት ተለወጠ። «አውቃታለሁ እንጂ! ሂና ትገዛኝ ነበር። ሳንቲሙን ባንኮኒው ላይ አስቀምጪው ነው የምላት፤ ከእጇ አልቀበልም። ያ ነገር በዘር የሚሄድ ቢሆንስ? ልጆችህን እንዲያ ሆነው እንዳያቸው ነው የምትፈልገው?»

«እማዬ፣ በዘር አይሄድም። እጇን ያበላሸው ማጥቆሪያው ነው። ካንቺ የገዛችው።»

እትዬ ራቢዓ የሻሻቸውን ጫፍ አስተካከሉ። ሲናደዱ የሚያደርጉት ነው።

«አምጣ ያን ፕላስተርህን» አሉ እጅጌያቸውን እየጠቀለሉ።

ኸሊል እዚህ ላይ እንቢ ማለት ነበረበት። አንድ ክንድ ጥናት አይደለም ተብሎ የተማረ ሰው ነው። ማጥቆሪያው አንዱን አቃጥሎ ሌላውን ሊተው እንደሚችል ያውቃል። ግን እናቱን እንቢ ብሎ አያውቅም፤ ደግሞም ቢቀላ ይገላግለኛል ብሎ ተመኘ። የገዛ እናቱ ክንድ እንዲያብጥ ተመኝቶ ለጠፈ።

በሁለተኛው ቀን ሲነሣ የእትዬ ራቢዓ ክንድ ላይ ጥቁር ቀለም ብቻ ነበር።

«እንግዲህ?» አሉ።

«ሁሉንም ሰው አይነካም፤ አንዳንዱን ነው።»

«አንዳንዱን! ወንፊት ነው እንዴ ሰው የሚለይ?» ተነሡ። «እኔን ያልነካ ማንንም አይነካ። ይህን ወሬ ካፍህ ካወጣኸው ግን ሱቁ ተዘጋ በለው። ያስተማረህ ሱቅ ነው ኸሊል።»

ኸሊል ሽማግሌ አልላከም። በሚቀጥለው ሳምንት ለጓድ አላምረው የሚሰጠውን የጥናት ውጤት ለመጻፍ ተቀመጠ። የአሥራ አንዱን ሴቶች ስም ጻፈ። ከፊት ለፊቱ አራት ዓምድ አሰመረ፤ ጎማ፣ ዱቄት፣ ሳሙና፣ በረኪና። የሁለቱ ጎማው፣ የአምስቱ በረኪናው ሆኖ ተገኘ። ሰኪና ላይ ሲደርስ ቆመ። ጥናቱ ስለ መከላከያ ዕቃ ነው፤ ሂና መከላከያ ዕቃ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ክርክሩን ረታ፤ ተከራካሪው እሱ ብቻ ነበር። «አራቱም አልነኳትም። ምክንያቱ ያልታወቀ የቆዳ በሽታ» ብሎ ጻፈ።

ጓድ አላምረው የወዳጅ አገር ጓንት በሁለት ሰው ብቻ መከሰሱ ደስ አሰኛቸው። ወረቀቱን «ለሠራተኛው ግልጽ ይሁን» ብለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አስለጠፉት።

ሰኪና አንብባ ስትጨርስ ከኋላዋ ሦስት ሰው ቆሞ ያነብ ነበር። በሻይ ሰዓት ብርጭቆዋ ለብቻው ተቀመጠ። ከሌሎቹ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ነበር። በማግሥቱ አንዲት ባልደረባዋ ከምታጥብበት ገንዳ ወደ ሌላው ዞረች። በሦስተኛው ቀን «ቁምጥና» የሚለው ቃል ከበር ውጭ ተነገረ፤ ድምፁ ዝቅ ቢልም ለሰኪና ግን ደረሰ።

እታገኘሁ ሻይዋን ይዛ መጥታ ብርጭቆዋን ከሰኪና ብርጭቆ አጠገብ አስቀመጠች። «ምነው፣ አንድ ቀን እንኳ አልነገረሽ?» አለች።

«ምኑን?»

«ባለሱቋን ነዋ! ራቢዓ እናቱ ናት። እኔ የነገረሽ መስሎኝ። ትላንት ገበያ ስወርድ ነው የሰማሁት፤ ልጄ ያቺን ቁስላም ሊያገባ ብሎ ነበር አስጣልኩት እያለች ታወራለች።»

ሰኪና ሻይዋን አልጨረሰችም። ወደ ኸሊል ክፍል ሄደች፤ እታገኘሁ ተከተለቻት። ኸሊል ሲያያት ብድግ አለ።

«ስድስተኛው የት ሄደ?» አለችው።

«ሰኪና...»

«ክንዴ ላይ ነበር። ሰሌዳው ላይ የለም።»

ኸሊል ሁሉንም ነገራት። የእናቱን ክንድ፣ የሱቁን ነገር፣ ፈርቶ እንደጻፈ። ሲናገር ያፍር ነበር፤ ያፈረውም ስለ ወደዳት ነው፤ ባይወዳት ኖሮ ይህን ያህል አያፍርም። ሰኪና እስኪጨርስ ሰማችው።

«አልታወቀም ብለው ሲጽፉ ያውቁ ነበር» አለች። «እኔ ሁለት ቀን ሳላክ የቆየሁት እንዲታወቅ ነበር።» ወጣች። በሩን አልዘጋችውም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ እትዬ ራቢዓ ባንኮኒያቸው ኋላ ቆመው ሻሽ ሲያጥፉ ሰኪና ገባች። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

«አሰላሙ ዐለይኩም እትዬ ራቢዓ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም» አሉ እትዬ ራቢዓ፣ ፊታቸውን ወደ ሻሹ መልሰው። «ልጄን ፈልገሽ ከሆነ እዚህ አይመጣም።»

«እሱን ፈልጌ አይደለም። ጥቁሩን ሂና ፈልጌ ነው።»

«ስንት?»

«ለአንድ ክንድ የሚበቃ።» ሰኪና የግራ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ጠቀለለች። «እርስዎ ራስዎ ይቅዱልኝ፣ ራስዎ ይቀቡልኝ፣ በራስዎ ሻሽ ይሰሩልኝ። ሌላ ሰው ቢያደርገው ልጅዎ ያስተማራት ነው ይላሉ። ከነገ ወዲያ መጥቼ ራስዎ ይፈቱታል።»

እትዬ ራቢዓ አዩአት። ቁጣ ፈልገው ፊቷ ላይ አጡት፤ ልመናም የለም። «ምንም ባይሆንስ?» አሉ።

«እጄ የተረገመ ነው ማለት ነዋ! ከከተማውም እሄዳለሁ። አይከል ዘመድ አለን።»

እትዬ ራቢዓ በልበ ሙሉነት ከቆርቆሮው ቀዱ። በውሃ ለወሱ። የልጅቷን ክንድ ያዙ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሲነኳት ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ከክርን በላይ ቀቡ፤ አዲስ ሻሽ ከመደርደሪያ አውርደው ጠምጥመው ቋጠሩት። «ቋጠሮዬን አውቀዋለሁ» አሉ። «ከተፈታ ይገባኛል።»

«እሺ» አለች ሰኪና።

ረቡዕ ከዐስር ሶላት በኋላ ተመለሰች። ስትገባ የባንኮኒውን ጠርዝ ይዛ ነው የቆመችው። ከንፈሯ ደርቋል። እትዬ ራቢዓ ከመፍታታቸው በፊት ቋጠሮውን መረመሩ፤ የራሳቸው ነው። ሻሹ ከክንዷ ጋር ተጣብቆ ስለነበር በውሃ እያረጠቡ አላቀቁት።

ክንዷ ከትከሻ እስከ ክርን አብጦ ነበር። ቀለሙ ባረፈበት ቦታ ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል።

እትዬ ራቢዓ ሻሹን እንደያዙ ቆሙ። ባለፈው ዓመት አንዲት የጠዳ ሙሽራ በሠርጓ ሳምንት እጇ አብጦ መጥታ ነበር፤ «ከሳሙናሽ ነው» ብለው መልሰዋታል። ከዚያ በፊትም ሌላ ነበረች። የእሷን ሳሙና ሳይሆን ውሃውን ነበር የከሰሱት። ሁለቱም ሴቶች ፊታቸው ድቅን አሉባቸው።

«አመመሽ?» አሉ።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልፈታሽውም?»

«ቋጠሮው የእርስዎ ነዋ!»

እትዬ ራቢዓ አለቀሱ። አልቅሰው የማያውቁ ስለነበሩ እንዴት እንደሚያቆሙት ጠፋቸው። ውሃ አምጥተው ክንዷን አጠቡ፤ ከዚያ ሳይጠየቁ ወደ ታች ወርደው ተልጠው የነበሩትን ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠቡ። «አፉ በይኝ ልጄ» አሉ። «ሳንቲምሽን እንኳ ከእጅሽ አልተቀበልኩም።»

ሐሙስ ጧት እትዬ ራቢዓ ሆስፒታሉ መጥተው እንደ ማንኛውም በሽተኛ ካርድ አወጡና አግዳሚው ላይ ተራ ጠበቁ። ሲገቡ የማጥቆሪያውን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሰኪና ሁሉንም ነግራኛለች፤ ስድስተኛውን ጻፍ» አሉ።

ኸሊል ቆርቆሮውን አየ፤ እናቱን አየ። «ሱቁስ?»

«ሱቁ ቀዩን ይሸጣል። ባይሸጥ ይዘጋ። አንተን ሐኪም ሁንልኝ ብዬ እንጂ ነጋዴ ሁንልኝ ብዬ አላስተማርኩህም።» ሊወጡ በሩ ላይ ደርሰው ዞሩ። «ሁለት ቀን ሙሉ አላከከችም ወላሂ! ቋጠሮዬን አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለች ልጅ ሌላ ከየት ታመጣለህ?»

ኸሊል ወረቀቱን እንደገና ጻፈው። አምስተኛና ስድስተኛ ዓምድ ጨመረ። በሰኪና ስም ፊት «ምክንያቱ የታወቀ፤ የሂና ማጥቆሪያ። አይተላለፍም፣ በዘር አይሄድም» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ «በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ይህን የተውኩት እያወቅሁ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ፈረመ። ጓድ አላምረው እንዲህ ያለ ነገር ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አያውቅም አሉ። ኸሊል ራሱ ለጠፈው።

ከዚያ ወደ ጓንት ክፍል ወረደ። ሰኪና ጓንት ውሃ ሞልታ ቀዳዳ ትፈልግ ነበር፤ አሥር ብርጭቆ ከእሷ ብርጭቆ ጋር አንድ ትሪ ላይ ተደርድሯል።

«ጻፍኩት» አላት።

«አየሁት።»

«ክንድሽን አሳዪኝ።»

እጅጌዋን ጠቀለለች። ኸሊል ባየው ጊዜ ሐኪምነቱና ፍቅሩ ባንድ ላይ ጮኹበት። «አብደሻል እንዴ? በሁለተኛው ጊዜ እንደሚብስ አታውቂም? ለምን አደረግሽው?»

ሰኪና ጓንቱን ወደ ገንዳው አንጠፈጠፈች። «አንተ ስላልቻልክ» አለች።

ወቀሳ ነበር፤ ይገባዋልም። ግን «አንተ» ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ሁለቱም ሰሙት። ከገንዳው ማዶ እታገኘሁ «ሸጋ!» ብላ በረኪናውን አነሣች።

ሽማግሌዎች ሄዱ። አቶ ዐብዱረሕማን አንድ ጊዜ ብቻ እንቢ አሉ፤ ያም ለወጉ ነው። ኒካሑ ከረመዳን በፊት ባለው እሑድ ተቆረጠ። አባቷ የሙሽራዋን ቀሚስ በዚያው ከአይከል በጋቢና በመጣው ማኪና ሰፉ። እትዬ ራቢዓ ቀዩን ቅጠል በገዛ እጃቸው ወቀጡ፣ ነፉ፤ ከዚያ ሁሉም ሴቶች ቅዳሜ፣ የሂናው ዕለት ተሰብስበው ሳሉ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ዛሬ እጅ አይቀባም።»

«ምነው?» አለች እታገኘሁ።

«ቅጠሉ አዲስ ነው። መጀመሪያ ክንዷ ላይ ጥቂት ይደረጋል። ሁለት ቀን ይጠበቃል።»

«ሠርጉስ?» አሉ አቶ ዐብዱረሕማን ከውጭ ሆነው።

«ሠርጉም ሁለት ቀን ይጠብቃል።»

ጎንደር ውስጥ ሠርግ በብዙ ምክንያት ሲዘገይ ታይቷል፤ በፕላስተር ግን ሲዘገይ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ለሠርጉ የተገዛው በሬ እንኳ ሁለት ቀን ዕድሜ አተረፈ።

ሰኞ ጧት ኸሊል ተጠራ። ሙሽራ ሙሽሪትን ከኒካሑ በፊት ማየት የለበትም ብለው ሴቶቹ መጋረጃ ሰቅለዋል። ከመጋረጃው በስተጀርባ አንድ ክንድ ብቻ ወጣ። እትዬ ራቢዓ ከክርኑ በላይ ያለውን ፕላስተር አንሥተው ለልጃቸው ቦታ ለቀቁ።

ኸሊል አጎነበሰ። የሂናው ቅላት አለ። በጣቱ ዳሰሰው፤ ልስልስ ነው። ወረድ ብሎ እጇን አየ፤ ቆዳው ገጥሟል፣ የአውራ ጣቷ ጥፍር ሙሉውን ወጥቷል። ይህን እጅ ከፊቷ በፊት ነበር ያወቀው።

«ምንም የለም» አለ። እጇን ግን አልለቀቀም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እትዬ ራቢዓ። «በል ዶክተር፣ ካለቀ ልቀቅ፤ የሚቀባ እጅ ነው።»

ኸሊል ሊለቅ ሲል ጣቶቿ ጣቱን ያዙ።

«እስኪ ደህና አድርገህ እየው» አለ ከመጋረጃው ኋላ የሰኪና ድምፅ።